የቲቸርን የሕይወት ታሪክ ማን ይጻፈው?

ከጅማ የደረሰን ደብዳቤ ረዘም ያለ ነው። ዋና ዋናውን አሳጥረን አቅርበነዋል።

«ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ጅማ ነው። ያሳደገችኝ አያቴ ባለፈው ታኅሣሥ አረፈች። መምህርት ነበረች። ከጅማ መምህራን ማሰልጠኛ ተመርቃ አጋሮ አካባቢ ገጠር ተመደበች፤ ኋላ ወደ ከተማ ተዛወረች። በ2004 በ60 ዓመቷ ጡረታ ወጣች። ሰፈሩ በሙሉ ‹ቲቸር› ነበር የሚላት። የሠርግ ጥሪ ካርድ ሲመጣላት እንኳ ስሕተቱን በቀይ እስክሪብቶ አርማ ነበር የምታስቀምጠው።

የቀብሯ ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ ሦስት ደቂቃ አልሞላም። የጻፈው አጎቴ ነው። አልወቅሰውም፤ በአንድ ሌሊት ነው ያዘጋጀው። ግን ስሰማው የሌላ ሰው መሰለኝ። አሁን ለሙት ዓመቱ ‹አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ደህና አድርገሽ ጻፊ› ብለውኛል። ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ‹ደግ ነበረች፣ ሩኅሩኅ ነበረች› ከማለት ውጪ ምንም አይመጣልኝም።

ሌላም ነገር አለ። በሠልስቱ ዕለት ከአጋሮ የመጣ አንድ ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ፣ ቡናውን እንደያዘ፣ ‹ለቡና ለቀማ ቀርቼ ስመለስ ልጆች ፊት ገረፈችኝ፤ ትምህርት የተውኩት ያኔ ነው› አለ። ሃምሳዎቹን የጀመረ ይመስለኛል። ድንኳኑ ጭጭ አለ። አክስቴ እስከ ዛሬ ‹ያ ባለጌ› ነው የምትለው። እኔ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ይጻፍ ወይስ ይተው?

አጎቴ ደግሞ ባነር ማሠራት፣ መቃብሩን እምነበረድ ማልበስ፣ ሰፋ ያለ ድግስ መደገስ ይፈልጋል። እኔ ገንዘቡ በስሟ ሌላ ቁም ነገር ቢሠራበት እመርጣለሁ። ሁለታችንም ድምፃችንን ከፍ አድርገን ተነጋግረናል። አብራት የኖረችውና እስከ መጨረሻው ያስታመመቻት ሴት ‹እንዳትጣሉ› እያለች ታለቅሳለች። ምን ይሻለኛል?

የልጅ ልጅ ነኝ፣ ከጅማ»

እህቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር። አንቺንም እግዚአብሔር ያጽናሽ።

የአጎትሽን ጽሑፍ ሳላየው የማውቀው ይመስለኛል። ‹ከአባታቸው ከአቶ እከሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እከሊት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ። በተመደቡበት ሁሉ በቅንነትና በታማኝነት አገለገሉ። ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የእነ እከሌ እናት፣ የእነ እከሌ አያት ነበሩ።› ሁላችንም ቆመን የሰማነው ነው። ስሙን ቀይረሽ ለጎረቤት ብታነቢው ይሠራል። የቅጥር ፎርም ነው የሚመስለው። ለቀብር ቀን ግን አይከፋም። እናቱን ያጣ ሰው እንባው ሳይደርቅ ሌሊት ላይ ሲጽፍ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ መልክ ያስፈልገዋል። ቀባሪውም የማን ልጅ እንደነበሩና ማንን ጥለው እንደሄዱ ሰምቶ ይሄዳል።

የሙት ዓመቱ ጽሑፍ ሌላ ነገር ነው። አንቺ ጊዜ አለሽ። የከበደሽም ቃላት አጥተሽ አይመስለኝም። ብቻሽን ልትጽፊው ስለሞከርሽ ነው። የአንድ መምህርት ሕይወት ትልቁ ክፍል በልጅ ልጇ እጅ የለም። ገና ባልተወለድሽበት ዘመን ከፊታቸው በተቀመጡ ልጆች እጅ ነው ያለው። ስለዚህ እስክሪብቶውን ለጊዜው አስቀምጪና ሰው ማነጋገር ጀምሪ።

ከማን ልጀምር ካልሽኝ፣ በደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር ካለፍሻት ሴት ጀምሪ። «አብራት የኖረችውና ያስታመመቻት» ብለሽ አልፈሻታል። ስንት ዓመት አብራቸው እንደኖረች አልነገርሽንም። ምናልባት ቆጥረሽው አታውቂም። በየቤታችን እንዲህ ያለች ሴት አለች። ልጅ ሆና ከገጠር ትመጣለች፣ ቤቱን ትይዛለች፣ ማታ ትማራለች ወይም ሳትማር ትቀራለች፣ ልጆቹ አድገው ሲበተኑ እሷ እዚያው ትሆናለች። በቀብሩ ዕለት የልጆችና የልጅ ልጆች ስም ሲዘረዘር የእሷ ስም ተጠርቶ ነበር? ካልተጠራ በሙት ዓመቱ ይጠራ። ይህን ደግሞ ማንንም አታስፈቅጂ።

ስለ አያትሽ ከእናንተ ሁሉ የበለጠ የምታውቀው እሷ ናት። ስንት ሰዓት ይነሡ እንደነበር ታውቃለች። የተማሪ ደብተር ቤት አምጥተው ሲያርሙ የት ይቀመጡ እንደነበር፣ የትኛውን ተማሪ ደብተር ሲያዩ ይስቁ እንደነበር ታውቃለች። ጡረታ በወጡ በማግስቱ ጠዋት ምን እንዳደረጉ ጠይቂያት። አርባ ዓመት ያህል ደወል ሲጠብቅ የኖረ ሰው ያን ጠዋት ዝም ብሎ አይተኛም። ለብሰው ተነሥተው ይሆናል። ተናደው ይሆናል። እኔ አላውቅም፤ እሷ ግን ታውቃለች።

አጠያየቅሽ ላይ ትንሽ ልንገርሽ። «እንዴት ነበረች?» ብለሽ አትጠይቂ። መልሱ ምንጊዜም «ምን ልበልሽ፣ ደግ ነበረች» ነው፤ አንቺም እሱ ላይ ነው የተጣበቅሽው። የሚጨበጥ ነገር ጠይቂ። ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ ምን ይሉ ነበር? ሲናደዱ በየትኛው ቋንቋ ነበር የሚቆጡት? የጅማ ክረምት ጭቃው እንዲያ ሲሆን በምን ጫማ ይመጡ ነበር? በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር ይቀመጡ ነበር? የገበያ ቀን ክፍሉ ግማሽ ሲሆን ምን ያደርጉ ነበር? ስልክሽን አስፈቅደሽ ጠረጴዛ ላይ አድርጊና ቅጂ። ሰውየው ዝም ሲል አንቺም ዝም በይ። ሰው ጨረስኩ ብሎ ዝም ካለ በኋላ ነው ደህናውን ነገር የሚያወጣው።

ሰው ከየት አገኛለሁ እንዳትይኝ። እዚያው ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቆመሽ ወይም መርካቶ ወርደሽ ‹ቲቸርን ታውቋቸዋላችሁ?› ብትይ አንድ ባጃጅ ነጂ፣ አንዲት የጨርቅ ነጋዴ ‹እኔን አስተምረውኛል› ማለታቸው አይቀርም።

አሁን ወደ ዘመኑ ልግባ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። አያትሽ በ2004 60 ከሞላቸው፣ የተወለዱት 1944 አካባቢ ነው። እንግዲህ ቁጠሪ። በየካቲት 1966 የኢትዮጵያ መምህራን ሥራ ሲያቆሙ አያትሽ የ22 ዓመት ወጣት ነበሩ። የት ነበሩ? አድማውን መቱ ወይስ አስተማሩ? በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርስ? ያን ጊዜ 27 ዓመታቸው ነው፤ ልክ እንዳንቺ። ዘመቻው በአማርኛ ብቻ አልነበረም። በኦሮምኛም ይሰጥ ነበር፤ በመጨረሻ እስከ 15 ቋንቋ ደርሷል። የሁሉም መጽሐፍ የሚታተመው በግዕዝ ፊደል ነበር። አያትሽ ዘመቻው ላይ ተሳትፈው ከሆነ፣ አጋሮ አካባቢ ላሉ እናቶች ኦሮምኛን በሀ ሁ ሂ ፊደል አስተምረው ይሆናል።

ከዚያ 1984 መጣ። ኦሮምኛ ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል እንዲጻፍ ተወሰነ። አያትሽ 40 ዓመታቸው ነው። በ1986 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ አደረገ። ለሃያ ዓመት ያህል በአንድ መንገድ ያስተማረች ሴት እንደገና ተማሪ ሆነች ማለት ነው። የላላው ድምፅ በአንድ ፊደል፣ የጠበቀው በሁለት ፊደል የሚጻፍበት አዲስ ሥርዓት። ወይም ደግሞ አማርኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ወደሚያስተምሩበት ክፍል ተዛወሩ። የትኛው ነበር? ደስ አላቸው ወይስ ቅር አላቸው? ማን አስጠናቸው? የገዛ ተማሪያቸው ይሆን? ይህ በጅማ ዞን የብዙ አዛውንት መምህራን ታሪክ ነው፤ ሲጻፍ ግን አላየሁም። በቀብር ቀን ጽሑፍ ላይ «በቅንነትና በታማኝነት አገለገሉ» የሚለው ሐረግ የሸፈነው ይህን ሁሉ ነው። ከትምህርት ቤቱ የቀድሞ ባልደረቦቻቸው በሕይወት ያሉትን ፈልጊ። እነሱ እያንዳንዱን ያስታውሳሉ፤ ብዙ ጠያቂ የላቸውምና ደስ ብሏቸው ያወሩሻል።

ወረቀቱንም ሰብስቢ። የሥራ ዘመናቸው መዝገብ የግል ማህደራቸው ውስጥ አለ፤ ከመጨረሻው ትምህርት ቤት ወይም ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጠይቂ። የቅጥር ደብዳቤ፣ የዝውውር ደብዳቤ፣ የጡረታ ደብዳቤ። የዝውውር ቀኖቹን ብቻ ብታገኚ እንኳ ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው። ፎቶዎቹን ገልብጠሽ ጀርባቸውን እዪ። በዚያ ዘመን ተማሪ ለመምህሩ ፎቶ ሲሰጥ ‹ለማስታወሻ ይሁንዎ› ብሎ ስሙንና ቀኑን ይጽፍ ነበር። የምታነጋግሪያቸው ሰዎች ዝርዝር እዚያ ጀርባው ላይ ተጽፎ ልታገኚው ትችያለሽ። መስኮት አጠገብ አድርገሽ ያለ ፍላሽ በስልክሽ አንሺያቸው። ላሚኔት አታስደርጊ፤ ያበላሻቸዋል።

ወደ አጋሮው ሰው እንምጣ።

«ይጻፍ ወይስ ይተው» ለማለት ገና ነው። መጀመሪያ ሰውየውን አግኚው። ከአጋሮ ተነሥቶ፣ የትራንስፖርት ከፍሎ፣ በሠልስቱ ድንኳን ገብቶ የተቀመጠ ሰው ነው። ዝም ብሎ የሚጠላ ሰው ለቅሶ አይደርስም። ወይም ደግሞ ለአርባ ዓመት ያህል ሊነግራቸው ፈልጎ ሳይነግራቸው ስለሞቱ ይሆናል የመጣው። አንቺም እኔም መልስ አንስጥለት። ራሱ ይናገር። ስትሄጂ አክስትሽን ይዘሽ አትሂጂ። በአያትሽ ስም ይቅርታ ልትጠይቂም አትሂጂ፤ ልትከላከይላቸውም አትሂጂ። «የዚያን ቀን የተናገርከውን በደንብ ልሰማህ ነው የመጣሁት» በይው። ይበቃል።

ያ ሰው ልጅ በነበረበት ጊዜ የነበረውን ሁኔታ ታውቂዋለሽ፤ ጅማ ነው ያደግሽው። ቡና ሲቀላ የቤቱ እጅ ሁሉ ይፈለጋል። የዓመቱ ልብስ፣ የዓመቱ ግብር፣ የዓመቱ ዕዳ ከእነዚያ ሁለት ሦስት ወራት ነው የሚወጣው። አባት ልጁን ከክፍል ያስቀራል፣ መምህርቷ መዝገብ ይዛ ‹ቀሪ፣ ቀሪ› እያለች ትጽፋለች። ልጁ ሲመለስ መሀል ላይ ነው የሚገኘው። የተገረፈውም አባቱ ባዘዘው ነገር ነው። ወላጅም በዚያ ዘመን ልጁን ለመምህር ሲያስረክብ ‹ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ› የሚል ነበር። ይህን ሁሉ አውቀሽ ስሚው እንጂ ለሰውየው አታስረጂው። እሱ ከአንቺ በላይ ያውቀዋል።

አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ለሌሎች ተማሪዎቻቸው አንሺ። የ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ይደነግጋል። አያትሽ ከዚያ በኋላ እስከ 2004 አስተምረዋል። አለንጋውን አስቀመጡት? መቼ? ምን ብለው? በመጨረሻዎቹ ዓመታት የተማሩት አሁን በአንቺ ዕድሜ ናቸው፤ በስልክ ታገኛቸዋለሽ። ደስ የሚል መልስ ታገኛለሽ ብዬ ቃል አልገባም። የተገኘውን ውሰጂ።

ሰውየው ከፈቀደ ጻፊው። በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ሳትፈርጂ። ለምሳሌ እንዲህ፦ «በዚያ ዘመን እንደነበረው ሁሉ እሳቸውም ይገርፉ ነበር። ለቡና ለቀማ ቀርቶ የተመለሰ አንድ ተማሪያቸው ልጆች ፊት ተገርፎ ትምህርቱን አቋርጧል። ለቅሷቸው ላይ መጥቶ ይህን ነግሮናል።» ስሙ እንዲጠራ ካልፈለገ አትጥሪው። ብቻ «በአለንጋቸው ሰው አደረጉን» የምትለዋን የለቅሶ ቤት ቀልድ አታስገቢ። ሰው የሆኑት ናቸው የሚሏት። አቋርጦ የቀረው አይላትም።

አክስትሽ ትቃወማለች። ሙት ዓመቱ ላይ ድንገት እንዳትሰማው፤ ቀድመሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢላት። በፍጹም ካለች እኔ እንዲህ አደርግ ነበር፦ ሁለት ጽሑፍ አዘጋጃለሁ። አንዱ ድንኳን ውስጥ የሚነበብ፣ ሁለት ገጽ የማይበልጥ። ሌላው ቤት የሚቀመጥ፣ ለሚመጡት ልጆች፣ ሁሉም ነገር ያለበት። ከሚነበበው ላይ ለአክስትሽ ብለሽ ብታወጪው እረዳሻለሁ። ከሚቀመጠው ላይ ግን አታውጪ።

አጎትሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። እኔም ለእምነበረድ ልቤ አይሞቅም። ግን አንቺ ያጣሽው አያትሽን ነው፤ እሱ ያጣው እናቱን ነው። ድንጋዩን ያሠራ። ድግሱ ላይ ግን ቁጥር ይዘሽ ቅረቢ። «ሌላ ቁም ነገር» ካልሽው አይገባውም፤ ‹ይህን ያህል ደብተር፣ ይህን ያህል መዝገበ ቃላት በአማርኛና በኦሮምኛ፣ ዋጋው ይህን ያህል› ብለሽ ወረቀት ካሳየሽው ይገባዋል። ከዚያ በፊት ያስተማሩበት ትምህርት ቤት ሄደሽ ርዕሰ መምህሩን ምን እንደጎደላቸው ጠይቂ። ሰው ቤተ መጻሕፍት ሊሰጥ መጥቶ ትምህርት ቤቱ የጎደለው ወንበር ሆኖ ሲገኝ አይቻለሁ። ከድግሱ አንድ በሬ ቢቀነስ ዘመድ አይቀየምም። ባነሩን ደግሞ ከመታተሙ በፊት አንቺ አንብቢው። በቀይ እስክሪብቶ የሠርግ ካርድ ሲያርሙ የኖሩ ሴት ባነር ላይ የፊደል ግድፈት ቢገኝ ጅማ በሙሉ ነው የሚስቅባችሁ።

ስትጽፊ «ደግ» የሚለውን ቃል ጨርሶ አትጠቀሚ። ሩኅሩኅንም፣ ታታሪንም። ደግነታቸውን የሚያሳይ ነገር ካለሽ እሱን ጻፊ፤ ከሌለሽ ዝለዪው። የሠርግ ካርዷን ነገር ግን እንዳትረሺ። ከደብዳቤሽ ሁሉ አያትሽን ያየኋቸው እዚያች ላይ ነው።

ሳነብ ባለቅስስ ብለሽ እንደምትሰጊ አውቃለሁ፤ ባትጽፊውም ይገባኛል። ፊደሉን ተለቅ አድርገሽ አሳትሚ። ሁለተኛ ቅጂ አጠገብሽ ለሚቆም ሰው ስጪ። ካቃተሽ እሱ ይቀጥል።

ሙት ዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ነው። ይህን ስጽፍልሽ ገና ነሐሴ ላይ ነን፤ ግን ሩቅ አይምሰልሽ። አጋሮ የምትሄጂው መስከረም ውስጥ ይሁን። ጥቅምት ከገባ ለቀማው ይጀመራል፤ ያኔ እቤቱ የሚገኝ ሰው የለም። የአጋሮውንም ሰው ለቀማ ላይ ቆሞ አታናግሪው። ቀድመሽ ደውዪለት። ስልኩን ማን እንደያዘው ካላወቅሽ የእድሩን ጸሐፊ ጠይቂ፤ በሠልስቱ ዕለት ከሩቅ የመጣውን ሰው ማን ይዞት እንደመጣ ያውቃል።